ጠብታ ያልቀመሰው ሹፌር

አክስቴ የሽንት ሰው ናት። ይሄን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ሲታመሙ ብልቃጥ ይዘው የሚሮጡት እሷው ጋ ነው። ዕድሜዋን ላቦራቶሪ የፈጀችው ኩላሊት ሥራውን ሠራ አልሠራ እያለች ነው። ጤነኛ ኩላሊት ውሃ ሲያጣ ቆጣቢ ይሆናል፤ ሽንቱን ያወፍረዋል። የደከመው ግን ያለውን ሁሉ ይለቃል።

ታዲያ ጉዱ የራሷ ቤት ገባ። ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጀሪካን ሙሉ ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ ሲጠጣ ይውልና በየቁጥቋጦው ሥር መኪናውን ያቆማል። ተሳፋሪው ተማረረ። አለቃውም ተመርመር፣ ኩላሊትህ ካልሠራ መሪውን ታስረክባለህ አለው። ያለ መሪ ደግሞ እሱ ሰው አይደለም፤ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ እንኳ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

ሐኪሙ ከማታ ጀምሮ ውሃ እንዳይጠጣ አዘዘው። ጠዋት አክስቴ ከባሏ ሽንት ጠብታ ወስዳ የሽንት ውፍረት በመስመር የሚያሳየው መሣሪያዋ ላይ አደረገችና አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ መስኮቱ ብርሃን አየች። ቀጭን ነው፣ ውሃ በሉት። ደግማ አየች፤ ያው ነው። እዚያው በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱ ግን ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጠብታ አልቀመስኩም ብሎ ይምላል።

ቤት ገብታ ቆሻሻ ልትደፋ ስትል የሐብሐብ ልጣጭ አገኘች። ግማሹን ሐብሐብ ብቻውን ጨርሶታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምግብ ነዋ» አለ ኮራ ብሎ። «የከለከላችሁኝ መጠጥ አይደል እንዴ?»

አብሬያቸው የምኖረው እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴ ግን አልሳቀችም፤ ጥፋቱ የሐብሐቡ ይሁን የኩላሊቱ ገና አልለየም። ሐኪሙን አስፈቅዳ ምርመራውን እንደ አዲስ አስጀመረችው። በዚያ ምሽት ጀሪካኑን እኔ ክፍል ቆለፈችበት፤ እሱ ሲነጫነጭ አጠገቡ ተቀምጣ በወሬ ስታባብለው አመሸች።

ጠዋት ብልቃጡ ገና ከሩቅ ሲታይ ጠቆር ብሏል። በመሣሪያዋ ስታየው መስመሩ ከፍ ብሎ የጤነኛ ሰው ልክ ጋ ደርሷል። ኩላሊቱ ደህና ነው፤ ያስቸገረው ጀሪካኑ ነው። የላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ ከኔ ጋር ተቀምጦ ለሚጠብቃት ባሏ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዛለት መጣች።

«መሪህን አልተቀማህም» አለችው።

ብርጭቆውን ተቀብሎ ሊጠጣ ሲል ቀና ብሎ አያት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለካ እሷም ከማታ ጀምራ ጠብታ አልቀመሰችም። ብርጭቆውን መለሰላት።

«አንቺ ጠጪ» አላት። «እኔ እንኳ ባለፈው ሐብሐብ በልቻለሁ።»