ቫዮሊኖቹ ከግራ ጠፉ

መጀመሪያ የጠፉብኝ ቫዮሊኖቹ ናቸው። ነገሌ ቦረና፣ ቤቴ ውስጥ፣ ጠዋት ላይ ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮዬ ሰክቼ አዲስ የኦርኬስትራ ቅጂ እየገመገምኩ ነበር። ዳዊት የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ፣ ቦረናዎች ኤላ ከሚሉት ጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ የሚያዜሟቸውን አምስት ዜማዎች በአንድ ተከታታይ ሥራ አቀናብሮ፣ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ፍርዴን ጠይቆኛል። ዕድሜ ልኬን ሙዚቃ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። በጆሮዬ እመካ ነበር።

ስለዚህ «ቫዮሊኖቹ ከግራ በኩል የሉም፤ የቀረጻ ጉድለት ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ሌላ ቅጂ ላከልኝ። ያው ነው። ማዳመጫውን ጠርጥሬ አዲስ ገዛሁ። ግራ ጆሮዬ ደፈን ብሎኛል፣ ውስጡም ያፏጫል፤ ግን በበጋ የነገሌ አቧራ የማይደፍነው ጆሮ የለምና ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ያመሰገንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሦስተኛው ዜማ ሲጀምር ዘፋኙ ብቻውን ነው የሚሰማው፤ ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው ብዬ አሰመርኩበት።

በዘጠነኛው ቀን ቸኩዬ ማዳመጫውን አዛብቼ ሰካሁት። የግራው ቀኝ ገባ። ቫዮሊኖቹ መጡ። በቀኝ ጆሮዬ።

አዞርኩት። ጠፉ። መልሼ አዞርኩት። መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐዋሳ ሄድኩ። ኦዲዮሜትሪ የሚባለውን የመስማት ምርመራ አደረጉልኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «የጆሮ ነርቭ ነው። ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅምዎ በድንገት ወርዷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጡ ይሻል ነበር» አለኝ።

«ይመለሳል?»

«የተወሰነው ሊመለስ ይችላል። ቃል ግን አልገባም።»

ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። በእሱ ጦስ እንቅልፍ አጣሁ። ፊቴ አበጠ። ቲኒተስ የሚሉት ፉጨት አላቋርጥ አለኝ። ፈራሁ። የማይሰማ ጆሮ ይዤ የማንን ዜማ ልዳኝ ነው እያልኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ግን ተናደድኩ፤ ንዴቱም ጠቀመኝ። መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዳለኝ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ጨረስኩ፣ በየጠዋቱም ያንኑ ቅጂ በግራ ጆሮዬ ብቻ እየከፈትኩ ምን እንደተመለሰ ምን እንደቀረ በደብተር መያዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቼሎው ጠራ፤ ቆይቶ ዋሽንቱ መጣ፤ በመጨረሻ ቫዮሊኖቹ፣ ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ሻክረውና ቀጥነው፣ ብቅ አሉ። ደስታዬ ግን ሦስተኛው ዜማ ላይ ስደርስ ተበላሸ። ያ ብቻውን ነው ብዬ ያደነቅኩት ዘፋኝ ለካ ብቻውን አልነበረም፤ ቫዮሊኖቹ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ከሥሩ ይጮሃሉ። የታመመው ጆሮዬ ነበር የደበቃቸው።

ለዳዊት ደወልኩና ቫዮሊኖቹን ከሦስተኛው ዜማ መግቢያ ላይ አውጣቸው አልኩት።

«ቲቸር፣ አይቀየሙኝ» አለኝ። «ያኔ ቫዮሊን የለም ብለው ወቀሱኝ፤ አሁን አውጣ ይሉኛል። ጉድለቱ የሙዚቃው ነው ወይስ የጆሮዎ?»

«ያኔ ተሳስቻለሁ። አሁን አልተሳሳትኩም» አልኩት።

ስልኩን ሳልዘጋ፣ ቅጂውን ይዤ ጎረቤቴ ኦቦ ጉዮ ዘንድ ሄድኩ። በጉልበታቸው ዘመን ኤላው ሥር ቆመው ሲያዜሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አካም፣ መምህርት፣ ናጋ?» አሉኝ፣ ደህና ነሽ ወይ ሲሉ።

«ናጋ፣ ኦቦ። ይህንን ይስሙልኝ፤ ዳዊትም በስልኩ ይሰማዎታል።» ስለ ቫዮሊኖቹ ምንም አልነገርኳቸውም።

ሦስተኛውን ዜማ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ለምን ይጮሃል? ታች ያለው መጀመሪያ ብቻውን ይጠራል። ላይ ያሉት እሱን ሰምተው ነው የሚመልሱት፣ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በዚያ ነው። አለዚያ ባልዲው ይወድቃል፣ ታች ያለውን ሰው ይመታዋል።»

ዳዊት በስልኩ «ገባኝ» አለ።

እናንተም ጆሯችሁ ደፈን ካለ አንዱን በጣታችሁ ደፍናችሁ በሌላው ስሙ፣ ከዚያ አቀያይሩ። ልዩነት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እኔ ያባከንኳቸውን ዘጠኝ ቀናት አታባክኑ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ የራሴን በሰው ሙዚቃ ላይ ለጥፌ ነበር። የማይመለስ ነገር ካለም የሙያ ወንበራችሁን ለማንም አትልቀቁ። ሐኪሙን ቃል አልገባም ስላለኝ፣ ኦቦ ጉዮን የሰሙትን በቀጥታ ስለነገሩን አመሰግናለሁ።

አዲሱ ቅጂ ሲደርሰኝ የቀኙን ማዳመጫ አውልቄ በግራው ብቻ ሰማሁት። ሦስተኛው ዜማ ጀመረ። ዘፋኙ ብቻውን ነው። ዳዊት አውጥቷቸው ነው ወይስ ጆሮዬ ዳግም ከድቶኝ? ዘፋኙ ጠርቶ ጨረሰ። ላይ ያሉት ድምፆች መለሱለት፤ ከእነሱም ጋር፣ ሻክረውና ቀጥነው፣ ቫዮሊኖቹ ገቡ።

ግምገማውን ጽፌ ፈረምኩ። ከስሜም በታች «በአንድ ተኩል ጆሮ የተሰማ» ብዬ ጨመርኩበት።