ለሐዴራ መንገድ የተገኘው ትርፍ ጎማ

መጠባበቂያ የሚባል ነገር ወድጄ አላውቅም። ቤቱ ሁለተኛ ጃንጥላ ያለው ሰው የመጀመሪያውን አውቶቡስ ላይ ይረሳዋል፤ አንድ ብቻ ያለው ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። ስለዚህ እስራኤል መጥተን ቂርያት ጋት ከተማ ከገባን በኋላ የገዛኋት ትንሽ ነጭ መኪና ትርፍ ጎማ እንደሌላት ሳውቅ አልተናደድኩም። የኋላውን ምንጣፍ ስገልጠው ክቡ ጉድጓድ ውስጥ የሱፍ ገለባና አንድ የሕፃን ካልሲ ብቻ ነበር። ለሻጩ ስደውልለት፣ አራቱም ጎማዎች ደህና ናቸው፣ አምስተኛው ምን ያደርግልሃል አለኝ። ክርክሩ የራሴው ስለሆነ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

አጎቴ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው።

ያን ሰሞን የእህቴ ልጅ ዕብራይስጥ ሲማር ያወቃትን ልጅ ሊያገባ ፈልጎ ነበር። ቤተሰቧ ሐዴራ ነው የሚኖረው። አባቷ በፈረቃ ስለሚሠሩ ሽማግሌ ለመቀበል የሚመቻቸው ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ ለመጪው ዓርብም ቀጠሮ ተይዟል። ቀጠሮ ይዞ የቀረ ሽማግሌ ልጅቷን አንፈልግም እንዳለ ይቆጠራል። አባቷም ሌሎች ጠያቂዎች እንዳሉ በሰው በሰው አሰምተውናል። የእኛ ሽማግሌዎች አጎቴና እኔ ነን፤ የምንሄደውም በእኔ መኪና።

አጎቴ መኪናዋን ሊመርቁ ወረዱ። አንድ ጊዜ ዞሯት። ጥርሷን ሊያዩ የፈለጉ ይመስል ከፊቷ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ምንጣፉን ገለጡና ጉድጓዱ የምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የትርፍ ጎማ ቦታ ነው አልኳቸው። ጎማውስ አሉ። የለም አልኩ።

«እንግዲያ ዓርብ አልሄድም» አሉና ምንጣፉን በጥንቃቄ መለሱት።

ወቅቱ የዚህ አገር ክረምት ነው፣ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። ስንመለስ ጎማ ቢተነፍስ፣ መኪና የማይነዳባት ሰንበት ዓርብ ማታ መንገድ ላይ ትገባብናለች። እዚያ ማደር ደግሞ አይታሰብም፤ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን አልጋ አይጠይቅም። አውቶቡሱን ብናስብ፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ እሱም እንደ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። መከራከር ስለምወድ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ሰንበት አየር ላይ አግኝታን አልነበረም ወይ ብዬ አጎቴን ሞገትኳቸው።

«ያኔ የሚነዳው አንተ አልነበርክም» አሉኝ።

ጎማ ፍለጋ ወጣሁ። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ዳር ያለው ጎሚስታ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሞሮኳዊ ነው። አንዱን ቸርኬ ሲሞክረው የብሎኑ ቀዳዳ አልገጥም አለ። ሌላው ገጠመ፣ ግን ከጉድጓዱ ሰፍቶ ክዳኑ አልዘጋ አለ። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ከእናንተ ሕንፃ ልክ እንደዚችው ያለ መኪና የነበራቸው ሽማግሌ አሉ፣ መኪናዋን ሲሸጡ ትርፍ ጎማዋን አስቀርተዋል አለኝ።

ሰውየውን አወቅኳቸው። ከአጎቴ ጋር የማይነጋገሩት እሳቸው ናቸው።

ጠቡ የተጀመረው እዚያው አውሮፕላን ላይ ነው። ሰው እንዲበዛበት ወንበሩ ተነቅሎ ስለነበር ሁላችንም ወለል ላይ ተቀምጠናል። አጎቴ ግድግዳ ተደግፈው ነበር፤ ለአፍታ ሲነሡ የጎማው ባለቤት ቦታውን ያዙት። ወይም ተቃራኒው ነው፤ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለ፣ እኔ ሁለቱንም አላምንም። ያም ሆነ ይህ፣ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሕንፃ እየኖሩ ሰላምታ የላቸውም። አንዱ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ሌላው ከነቆሻሻቸው ይመለሳሉ።

የጎማው ባለቤት ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጎማው በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ውሰደው አሉኝ፤ ላመሰግን ስል ግን እጃቸውን አነሡ።

«ብቻውን አይሄድም። ዕቃዬ ለሽምግልና ሄዶ እኔ ቤቴ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?»

ወሬውን ለአጎቴ አደረስኩ። ጎማውን አምጣ፣ ሰውየውን ተወው አሉ። አባባ፣ ሰውየው ከቸርኬው ጋር ተበይዷል አልኳቸው። አልሳቁም። ችግሩ የመኪና ቦታ አልነበረም፤ ሁለት ቂመኞች ጎን ለጎን ቆመው ልጅ ስጡን ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ገና ያልተሠራ ትዳር ላይ ቂም መቋጠር ነው። ስለዚህ ወይ መታረቅ፣ ወይ መቅረት።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱ ከሕንፃው ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ፣ እኔ መሐል። ማን ይቅርታ ይጀምር በሚለው ላይ ብቻ ብዙ ቆየን። አጎቴ የአውሮፕላኑን ግድግዳ በእጃቸው እየሣሉ አስረዱ። የጎማው ባለቤትም በበኩላቸው ሌላ ግድግዳ ሣሉ። ያኔ እህቴ ከበረንዳ ስታዳምጥ ኖሮ ወረደችና ፊታቸው ቆመች።

«ለአውሮፕላን ግድግዳ ብላችሁ ልጄ ሳያገባ ይቅር? አውሮፕላኑ እንደሆነ ተመልሶ ሄዷል።»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ማን እንደጀመረ እንዳይታወቅ አንድ ላይ ተነሥተው ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።

ዓርብ ሄድን። ሁለቱም የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እስከ ሐዴራ ድረስም የእኔን አነዳድ በአንድ ድምፅ ነቀፉ። እርቅ እንዲህ የጋራ ጠላት ይፈልጋል። እዚያ እንደደረስን ተቀመጡ ብንባልም አልተቀመጥንም። የዘር ቆጠራው ተጀመረ፤ አጎቴ የእኛን ወገን እስከ ሰባት ቤት ጠሩ። በልጅቷ እናት በኩል ያለው ስም ሲደናገር፣ የእናቷ አገር ሰው የሆኑት የጎማው ባለቤት አቃኑት። ዝምድና አልተገኘም። አባቷ ወደ ጓዳ ገብተው ከሚስታቸው ጋር ተመካከሩና ወጥተው ተቀመጡ አሉን። አሁን ተቀመጥን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቂርያት ጋት ገባን። አንድም ጎማ አልተነፈሰም። አጎቴ ለልጁ ሊያበሥሩ ወደ ደረጃው ሲያመሩ፣ እኔ ትርፍ ጎማውን ለባለቤቱ ልመልስ አነሣሁት። አውራ ጣቴ ሊጥ የነካ ይመስል ጎማው ውስጥ ገባ። በምስማር የተበሳ ነው፤ ቀዳዳው ከነዝገቱ ይታያል።

«ይህን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አዎን፣ መኪናዋን ሳልሸጥ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር?» አሉና ቀና ብለው ወደ ደረጃው አዩ። አጎቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ የልጁን በር ግን አላንኳኩም።

«ምን ትጠብቃለህ?» ብለው የጎማውን ባለቤት ወደ ታች ተጣሩ። «ልጁ ቆሞ ይጠብቃል። ና ውጣ፣ አብረን እንንገረው።»