ትራስ ላይ የተቀመጠችው ማይክሮፎን

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ በነበረ የጥጥ እርሻ መካኒክ ነበርኩ። ከአንድ የአሰብ መንገድ ሹፌር የገዛሁት፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ማይክሮፎን በሽቦ የተንጠለጠለችበት ቴፕም ነበረኝ። ተበላሸ የተባለ ነገር ሁሉ ይጠገናል ብዬ ድርቅ የምል ሰው ስለነበርኩ በዚህ ብዙ ሰው አሰልችቻለሁ።

ከእርሻው ማዶ ባለው መንደር አንድ መንዙማ የሚያወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እሳቸው ያወጣሉ፣ የተሰበሰበው ሰው እያጨበጨበ ይቀበላል፣ ከበሮ ይመታል። ልቅዳ ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁና፣ "መሣሪያህም እንግዳ ነው፤ ይግባ" አሉኝ።

ለቀልድ ያሉት መስሎኝ ነበር። በዚያ ቤት ግን እንግዳ በር ላይ አይቀመጥም። ማይክሮፎኗን ከበሩ አጠገብ ባኖራት አንዱ አንስቶ ወደ ውስጥ አሳለፋት፣ ሌላው ተቀበላት፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ፊት፣ ከከበሮው ጎን፣ ትራስ ላይ አስቀመጧት። እሳቸውም ለክብሯ ሲሉ አፋቸውን አስጠግተው አዜሙላት።

ቤቴ ገብቼ ስሰማው ጆሮ የሚበሳ ነገር ሆኗል። ዜማው ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከበሮው ሲገባማ ባዶ ጣሳ የሚደበድቡ ይመስላል። ሌላ ሐሙስ እቀዳለሁ ብዬ ተውኩት። ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌው አረፉ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው እርሻው በር ድረስ መጡ። "ልጄ፣ የእሳቸው ድምፅ አንተ ዘንድ ነው አሉ። አላህ ይስጥህ፣ አንድ ጊዜ አሰማኝ።"

"እትዬ፣ ትንሽ ተበላሽቷል። ላስተካክለውና ይምጡ" አልኳቸው።

ቴፑን ፈታሁት፤ ካሴቱ የሚነካውን ብረት በአረቄ ጠረግሁ። ድምፅ ማጉያውን በጋቢ ብሸፍነው ጩኸቱ ለዘብ አለ እንጂ ቃሉ አልጠራም። ከተማው ሆቴል ወስጄ፣ ሽቦ ስቤ በትልቁ ሬዲዮ ባጫውተው ጭራሽ ስንጥቁ ጎልቶ ወጣ። ድምፁ የተሰበረው ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ እንደሆነ ቀስ በቀስ ገባኝ። ማይክሮፎኗ ከአቅሟ በላይ ተጭኖባታል፤ ይህን ደግሞ በመፍቻ አላቃናውም። ተናደድኩ። ግን የት ጋ እንደሚሰበር፣ የት ጋ እንደሚተርፍ ማወቅ ሱስ ሆኖብኝ መስማቱን አልተውኩም።

አንድ ቀን፣ በሁለት መንዙማ መሃል፣ ጥርት ያለች ቦታ አገኘሁ። ሽማግሌውን ሳል ይዟቸዋል፤ እንግዳ ፊት ላይ መሳል ነውር ነውና ከማይክሮፎኗ ዞር ብለው ፊታቸውን ወደ ጓዳው መጋረጃ መልሰዋል። እዚያው እንደዞሩም ለስለስ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ይናገራሉ።

እትዬ መጡ። መጀመሪያ መንዙማውን ከፈትኩላቸው። ሻሻቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ ታገሡትና፣ "እሳቸውን አይመስልም" አሉ። ካሴቱን ወደዚያች ቦታ አሳለፍኩት።

የሽማግሌው ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ፤ "አንቺ፣ ያ እንግዳ በላ ወይ?"

እንግዳው እኔ ነበርኩ። እትዬ ከመቀመጫቸው ቀና ብለው፣ እኔን ሳይሆን ቴፑን እያዩ፣ "በልቷል፤ እንዴት ሳይበላ!" አሏቸው።