የጋላማው ጉምና የአባባ ካፖርት

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስደርስ፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረ አንድ የጭነት ፈረስ ከበረንዳዬ ሥር ተጠግቶ ነበርና፣ የእርጥብ ፈረስ ሽታው ገና ከሩቅ ሲቀበለኝ ቁልፌን እንደያዝኩ መንገዱ ላይ ቀረሁ። ሃምሳን የተሻገርኩ ሴት ነኝ፤ አሰላ ተወልጄ ለአደግሁት ለእኔ ፈረስ ብርቅ አይደለም። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ግን መጀመሪያ እደነግጣለሁ፣ ለምን እንደደነገጥኩ የማስታውሰው ከደነገጥኩ በኋላ ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል። ጢቾ የምትኖረው አክስቴ ልጇን ድራ፣ ሠርጉን በልተን፣ አባባ፣ እማዬ፣ ታናሽ ወንድሜ ዳዊትና እኔ በአባባ አሮጌ ፒካፕ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሰላ እየተመለስን ነበር። መንገዱ የጋላማን ተራራ አናቱ ላይ ያቋርጠዋል። አባባ የእህል ነጋዴ ነው፤ ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ጊዜ ማጥፋት የማይወድ ሰው፣ ያን ቀን የሠርጉ ጠላ ሳይለቀው ነው መሰለኝ፣ አውሬ አሳያችኋለሁ ብሎ ፒካፑን እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያደረገ ይነዳት ጀመር። እማዬ አውሬ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ጤናው አጠራጥሯታል። "ሰው አውሬ እንዳያጋጥመው ይሳላል፣ የኔው ሰውዬ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል" አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

ሆኖም አሳየን። የአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ቀንዱ የተጠማዘዘ ደጋ አጋዘን ቆሞ፣ እያመነዠከ፣ ምን ጎደላችሁ በሚል ዓይን አየን። ከርከሮዎች ጭራቸውን ቀጥ አድርገው መንገዱን ተሻገሩ። ከፊታችን የጭላሎ ተራራ ግማሽ ጎኑን ፀሐይ መትቶት፣ ከሥሩ የስንዴው ማሳ እስከ ሳጉሬ ከተማ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ከሁሉ በኋላ፣ ሜዳው ላይ፣ አንዲት ቀይ ቀበሮ አይጥ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጣ አገኘናት፤ ዳዊት ውሻ ናት ብሎ በፉጨት ሲጠራት ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላም ብዙ አላየሁም።

ጎማው የፈነዳው ከዚያ ትንሽ አለፍ ብለን ነው። አባባ ስኮርታ ጎማውን ቢያወርደው እሱም ተንፍሷል። ይህን እያየን ሳለ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሣና ጭላሎን ዋጠው፣ ሜዳውን ዋጠው፣ ቀጥሎ የፒካፑን አፍንጫ። አባባ ያችን ቀበሮ የአገሩ ሰው "የፈረስ ቀበሮ" እንደሚላት፣ ከፈረስ እንደማትርቅ፣ ፈረስ ካለ ደግሞ ሰው እንደማይጠፋ አስረዳን፤ ካፖርቱን ቆልፎ፣ መስኮቱን ዝጉ ብሎ፣ ሄደ። ጥቂት እንደራቀ ጉሙ ወሰደው።

ፍርሃት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ፒካፕ ውስጥ ነው። ተራራው ላይ ጅብራ የሚሉት፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ተክል አለ፤ ጉሙ ሳሳ ሲል አንዱ ጅብራ ይታየንና አባባ መጣ እንላለን፣ ጉሙ ሲመለስ አባባ ይጠፋል። ዳዊት ስንቱን ጅብራ አባባ ብሎ እንደተጣራ እግዜር ይወቀው። በኋላ አንድ ድምፅ መጣ፤ እማዬ ጅብ በቀን አይጮህም አለች፤ ድምፁ ሲደገም ግን ሁለታችንንም ጎትታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችን፣ ልቧ ጆሮዬ ላይ ይመታ ነበር። ቅዝቃዜው እግሬን ይበላኛል፣ ሽንቴ መጥቷል፣ መውረድ ግን አይታሰብም። አባቴን አውሬ በልቶታል ብዬ ቆረጥኩ፣ ማልቀስ ግን ፈራሁ፤ ካለቀስኩ እውነት ይሆናል ብዬ።

ኮቴ ሰማን። ከጉሙ ውስጥ ሁለት ፈረሶች እንፋሎት እየተነፈሱ ወጡ፤ በአንዱ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ በሌላው ጎልማሳ ልጃቸው። ከሽማግሌው ኮርቻ ላይ የአባባ ካፖርት ተንጠልጥሏል።

እማዬ በሩን ከፍታ ወረደች። "አባቴ፣ ባለቤቴስ?" አለቻቸው።

"ነጋ ነው፣ ደህና ነው። አብሽሪ ልጄ" አሉ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፤ የታጠነ ወተት የያዘ ዕቃም ዘረጉላት። "መጀመሪያ ይሄን ጠጪ፣ ልጆቹም ይጠጡ። ወሬ በኋላ ነው።"

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። የሞተ ሰው በመጀመሪያ ደህና ነው፤ ቀጥሎ ትንሽ አሞታል፤ ባለ መርዶው በባዶ ሆዱ እንዳይሰማ እህል ይቀምሳል፤ እውነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እማዬ ይህን ታውቃለች፤ ስንቱን ጎረቤት ራሷ እንዲህ እያባበለች አርድታለች። ካፖርቱን አየች፣ ወተቱን አየች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው "አይዞሽ፣ ፈጣሪ አለ" ባሉ ቁጥር ይብስባታል። አማርኛ የማይሰማው ልጃቸው ደግሞ ሰው እያለቀሰ ዝም ብሎ ማየት ነውር ሆኖበት፣ ከፈረሱ ወርዶ አብሯት ያለቅስ ጀመር። እሱ ሲያለቅስ እኔም አመንኩ። እንባዬ የወረደው የፈረሱ እርጥብ አንገት ላይ ነው፣ ሽማግሌው አንሥተው ከፊታቸው አስቀምጠውኝ።

ቁልቁል ወደ መንደራቸው ስንወርድ ለቅሶውን የሰሙ ሴቶች እያለቀሱ ወጥተው ተቀበሉን። በዚህ መሀል የሽማግሌው ጎጆ በር ተከፈተና አባባ፣ አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በዱላ እያነከሰ ብቅ አለ። ጉም ውስጥ ጉድጓድ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ኖሯል። ሽማግሌውን፣ ሚስቴ ድንጉጥ ናት፣ ካፖርቴን ለምልክት ያሳዩልኝ፣ ወተት ይስጡልኝና ደህና ነው ይበሉልኝ ብሎ የላካቸው እሱ ነው።

"ማን ሞተ?" አለ ደንግጦ።

"አንተ ነሃ" አለች እማዬ፤ ደረቱን በሁለት እጇ እየደበደበች ተጠመጠመችበት። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

ዛሬ መንገዱ መኪና በመኪና ነው፤ ቀበሮም ካየሁ ዘመን ሆነኝ። መርዶም ስልክ ላይ ይመጣል፣ ጉርሻህን እስክትውጥ የሚጠብቅህ የለም። አባባ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሲያርፍ፣ ዳዊት ደውሎ በሁለት ቃል ነገረኝ፤ ለእማዬ ማርዳቱ ለእኔ ደረሰ።

ጎህ ሲቀድ ብቻዬን ገባሁ። ጨጨብሳውን አቀረብኩላትና "አባባ ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው። አንቺ መጀመሪያ ቅመሺ" አልኳት። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ትረዳ ነበር። የእኔ እናት ሳቀች።

"አንዴ ጋላማ ላይ አልቅሼለት ጉድ ሆኛለሁ፤ ሁለተኛ አልሞኝም" አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ደህና አድርጋ በላች። ከአጥሩ ውጭ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። እስክትጨርስ ድረስ አንድም ሰው አላሳለ።