አንዴ ብቻ የተጠየቀው መለኪያ

የቡድናችን መሪ ሲያስረዳ ዓይኑን ይጨፍናል። ከደሴ ወጥቼ አዳማ ሥራ ስይዝ መጀመሪያ የናቅሁት ነገር ይህ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝና ንቀቱ እስከ ዛሬም አልተወኝም።

የምንሠራው ለባቱ የአትክልት እርሻዎች የመስኖ ፓምፕ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ነበር። አፈሩ ሲደርቅ ውሃ ይከፍታል፣ ሲረጥብ ይዘጋል። ሽንኩርትና ቲማቲም እኩል ውሃ ስለማይጠጡ ግን ደንቡን የእርሻው ባለሙያዎች ራሳቸው እንዲጽፉት ተፈለገ። ለዚህ በፕሮግራማችን ሆድ ውስጥ ሌላ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ መክተት ነበረብን። እኔ ቀላሉን፣ ብዙ ሰው የሚያውቀውን እንክተት አልኩ። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«እህቴ፣ ያ የድሮ ሰው ነገር ነው። እኛ የምናስገባው ፋንክሽናል ቋንቋ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ሒሳብ ንጹህ! ሁለትና ሁለት ጠዋትም አራት ነው፣ ማታም አራት። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያስኬደው ኢንጂን አንዴ ያሰላውን ደግሞ አያሰላም፤ መልሱን ይዞ ያቆያል። ፍጥነቱን አስቢው።»

ፍጥነቱ ለማን እንደሆነ እንጃ። ሽንኩርት አይቸኩልም።

ቋንቋውን አልጠላሁትም። እንዲያውም ያምራል። የናቅሁት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከቪዲዮ የለቃቀመውን እሱ የወለደው አስመስሎ ማውራቱን ነው። ባቱ ላይ ሥልጠና ስንሰጥ አንዱ ባለሙያ «ይሄ ሁሉ ቅንፍ ምን ያደርጋል?» ቢለው ሳቀበት እንጂ አልመለሰለትም።

ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት ኮዱን ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። የአፈሩን እርጥበት ከመለኪያው የሚያነበው ትእዛዝ ከሒሳቦቹ ጋር አብሮ «ንጹህ» ተብሎ ተመዝግቧል። ኢንጂኑ ጠዋት ሲነሳ መለኪያውን አንዴ ይጠይቅና ቀኑን ሙሉ ያንኑ መልስ ይደግማል ማለት ነው። አፈር ግን ሁለትና ሁለት አይደለም። ቢሮ ውስጥ መለኪያውን የሞከርነው ደረቅ አፈር በሞላንበት የፕላስቲክ ኩባያ ስለነበር ማንም አላስተዋለም።

ልነግረው ሄድኩ። የጆሮ ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ፣

«ደግሞ ምን አገኘሽ ሼኺቱ? ሐራም ነው?» አለኝ።

ቢሮው ሳቀ። «ምንም» ብዬ ተመለስኩ። ዙህር ደርሶ ስለነበር ሄጄ ሰገድኩ፤ ግንባሬ መሬት ነክቶ እንኳ ሐሳቤ አንድ ነበር፦ ይዋረድ።

የተዋረደው ሌላ ሰው ነው። በተጫነ በሁለተኛው ቀን ከባቱ ተደወለ። ጠዋት የተከፈተው ፓምፕ ሳይዘጋ ውሎ የሽንኩርቱ ችግኝ ሰጥሟል። የፓምፑ ጠባቂ፣ አንድ አዛውንት፣ ሦስቴ በእጃቸው ቢዘጉትም ማሽኑ ሦስቴ መልሶ ከፍቶታል። መሪያችን በስልክ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሲስተሙ ንጹህ ነው፤ ሽማግሌው ነካክተውት ይሆናል» አለ። እርሻው አዛውንቱን ሰኞ ሊያሰናብት ወሰነ።

ከሥራ ስወጣ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ዝም ያልሽው ፈርተሽ ነው?» አለችኝ።

«አይ እማ። ንቄ ነው።»

«እሱማ ከፍርሃት ይብሳል፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጠዋት በሞጆ ዞሬ፣ ቆቃን አልፌ ባቱ ወረድኩ። አዛውንቱ ፓምፑ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው በኦሮምኛ እንደ ልጃቸው ሰላም አሉኝና ከጭቃው ጨበጥ አድርገው አሳዩኝ። «እኔ ያለኝ እጄ ነው። ረጥቧል አልኩት። ማሽኑ ደርቋል አለ። ኋላማ እጄንም ጠረጠርኩት፤ አርባ ዓመት የሠራሁበትን እጅ!»

የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ አስጠራሁና ማሽኑን አስነሳሁት። መለኪያውን ከጭቃው ነቅዬ ትቢያ ላይ ተከልኩት። ማሽኑ «እርጥብ» እንዳለ ቀረ። «ንጹህ» የሚለውን ምልክት ከኮዱ ሰርዤ እንደገና ስሞክረው ወዲያው «ደረቅ» አለ።

«እሳቸው ምንም አላጠፉም» አልኩት። «ስህተቱ የኛ ነው። እኔ አውቄ ነበር።»

«አውቀሽ?» አለና አየኝ። ዓይኑን አወቅሁት፤ እኔ መሪያችንን የማይበት ዓይን ነው።

የአዛውንቱ ስንብት ቀረ። ልሄድ ስል ጠጋ ብዬ «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ያጠፋው ያ በስልክ የከሰሰኝ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«እሱ አላወቀም። እኔ ነኝ አውቄ የተውኩት።»

ቁልቁል የሰጠመውን መደብ አዩ። «እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ልጄ። ችግኙ ግን አይልሽም።»

መሪያችን አሁንም ዓይኑን ይጨፍናል፤ የኢንጂኑን እርማትም በስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ አቅርቧል። አሁንም እንቀዋለሁ። ስህተቱን ሳይ ግን መጀመሪያ እነግረዋለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ራሴ አውልቄ።