ሐሙስ ሐሙስ የሚጻፍላት
ሒሳብ በፕላዝማ በምንማርበት ዘመን፣ ሶዶ ላይ፣ መምህራችን የእኔን የቤት ሥራ «ጎበዝ» ብቻ ጽፈው ይመልሱልኝ ነበር። ሰኞ ሰኞ ከሁምቦ ስንቅ ይዛ እየመጣች፣ ቤት ተከራይታ የምትማረው የወንበር ጓደኛዬ ደብተር ላይ ግን ሐሙስ ሐሙስ ረዘም አድርገው ይጽፋሉ። አንደኛ የምወጣው እኔ፣ የሚጻፈው ለእሷ። በቅናት አረርኩ። መልስ የሚነግሯት መስሎኝ አንድ ቀን ደብተሯን ሰርቄ ገለጥኩት።

«ስንቅሽ ካለቀ ምሳ እኛ ቤት ነይ» ይላል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከቤት ሥራዬ ሥር «ስንቄ አልቋል» ብዬ ጻፍኩ። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ እሳቸውም ያውቃሉ። «ጎበዝ» ብለው መለሱልኝ።

ዛሬ እሷ ቦዲቲ ታስተምራለች። ሐሙስ ሐሙስ ስንቅ ያለቀበት ተማሪ እሷ ቤት ምሳ ይበላል አሉ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም።