ከሂልብሮው እስከ ኮዝሞ ሲቲ፦ ሽማግሌው ዳኛና የአክስቴ ልጅ

ማለዳ፣ ሂልብሮው

ከፎቁ ስወርድ ገና አልነጋም። የጆሃንስበርግ የሰኔ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከሚያስሉ ሰዎች ጋር የታክሲ ወረፋ መያዝ ስለፈራሁ የአበሻ ሱቆች ወደሚበዙበት ሰፈር፣ ወደ ጀፕ፣ በእግሬ አመራሁ። እዚያ ደሳለኝ መኪናውን በዘይትና በሳሙና ካርቶን ሞልቶ ይጠብቀኛል። ለየሰፈሩ ሱቅ ሸቀጥ የሚያደርስ የሆሳዕና ልጅ ነው። ለነዳጅ ሃምሳ ራንድ ሰጠሁት።

«ዛሬ ደግሞ ወዴት ነህ?»

«አንድ ሽማግሌ ዳኛ ዘንድ። ድሮ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት፣ መተት አደረጉ የተባሉ ሰዎችን ጉዳይ ያዩ ነበር። ለትምህርቴ ታሪካቸውን እየቀዳሁ ነው።»

«እንደኛ አገር ቡዳ ነገር?» ብሎ ሳቀ። አምቡላንስ እየጮኸ ሲያልፈን ሳቁን ዋጠው።

ረፋድ፣ የዳኛው በረንዳ

ዳኛው ዘጠናን አልፈዋል። በወጣትነታቸው ከእንግሊዝ መጥተው ከሊምፖፖ ወንዝ በስተሰሜን ለዓመታት ዳኝተዋል፤ አገሩ ነፃ ሲወጣ ጆሃንስበርግ ገቡ። ባለቤታቸውን አምና ኮሮና ወስዶባቸዋል። እሳቸው በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ እኔ ራቅ ብዬ ሣሩ ላይ ተቀምጬ፣ እየተጯጯህን ነው የምናወራው።

«ፈንጣጣ በገባበት ዓመት አንዲት መበለት ችሎቴ መጣች» አሉ። «ጎረቤቶቿ ልጆቻችንን በመተት ፈጀች ብለዋታል። በእኛ ሕግ ሰውን መተተኛ ማለት ራሱ ወንጀል ነበር። ከሳሾቿን ቀጣኋቸው። እሷን ‹ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፣ ቤትሽ ግቢ› ብዬ ሰደድኳት።» ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ከነጎጆዋ አቃጠሏት። ገዳዮቿ ተሰቀሉ።»

ይህን እየቀዳሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አስቴር ናት፣ ከከተማው ጫፍ፣ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላት የአክስቴ ልጅ። በከምባትኛ ታንሾካሹካለች። በመንገዷ ሦስት ሰዎች በኮሮና ሞተዋል፤ አሁን አንድ ጎረቤት በሯ ላይ ቆሞ «የገደለቻቸው እሷ ናት» እያለ ሰው ይሰበስባል። ማታ ማታ የሟቾቹን ስም ስትጠራ በግድግዳው ሰምቷታል።

«እየጸለይኩላቸው እኮ ነበር! ታመው ሳሉ፣ ስማቸውን እየጠራሁ!»

ለዳኛው ነገርኳቸው። «ሄጄ ላስረዳቸው?»

የወንበሩን ክንድ ይዘው ለመነሳት ታገሉ። «ማስረዳቱን ተወው! ለፖሊስ ደውል፣ ግን አትጠብቅ። አሁኑኑ አውጣት።»

እኩለ ቀን፣ ኮዝሞ ሲቲ

ለፖሊስ ደወልኩ፤ ደሳለኝም ተመልሶ ወሰደኝ። መንገዱ ሁሉ ቀይ መብራት ሆነብኝ። ሱቁ ደጅ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። «ሳኒቦናኒ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ የመለሰልኝ የለም። አስቴር የብረት ፍርግርጉን ከውስጥ ቆልፋ ቆማለች። «ነይ፣ እንሂድ» አልኳት።

«ከወጣሁ እኮ አምኜአለሁ ማለት ነው» አለችኝ።

«አስቱ፣ አጥፍተሻል አላልኩም። ነይ ነው ያልኩሽ።»

በዚህ መሃል ጎጎ፣ አያት፣ የሚሏት አሮጊት ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች። ባሏ ከሦስቱ ሟቾች አንዱ ነው። ሰው የሰበሰበው ጎረቤት ላይ በዙሉኛ ጮኸችበት፤ ደሳለኝ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፦ «የሞተው የኔ ባል ነው! ጸልዪለት ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ!»

«አንቺንም አፍዝዛሻለች» አላት ሰውየው። ከኋላ ድንጋይ ተወርውሮ የመኪናውን ጎን መታው።

አስቴር ፍርግርጉን ከፈተች። ጎጎ ክንዷን ይዛ እስከ መኪናው ድረስ አብራት ሄደች። ማንም አልነካቸውም። ስንነሳ ደሳለኝ በመስታወቱ ወደኋላ አይቶ ነዳጁን ረገጠ። ዞሬ ሳይ የሱቁን በር እየገነጠሉት ነበር።

አመሻሽ፣ ሂልብሮው

አሳንሰሩ ተበላሽቷል። አስቴር በነጠላ ጫማ፣ ባዶ እጇን፣ ከኋላዬ ደረጃውን ትወጣለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአንዱ በር ጀርባ ከባድ ሳል ተሰማ። ቆም አለች።

«ማን ነው የታመመው?»

«አንዲት ናይጄሪያዊት። ልጆች አሏት።»

በሩን ትክ ብላ አየችው። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ወዲያው አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ስሟን እንዳትነግረኝ» አለችኝ።